ታናሽ ተባይ የዱርን ግምጃ ቤት እንዴት እንደሚለውጥ

በጐተራ ውስጥ ነቀዝ በገባ ጊዜ ባለቤቱ ጉዳቱን በዚያው ቀን አያውቀውም። ጐተራው እንደ ተሞላ ይታያል፤ እህሉም ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ወስደው ባበጠሩት ጊዜ ፍሬው ባዶ ሆኖ ይገኛል። እንደዚሁም ተባይ በዱር ዛፍ ላይ በወረደ ጊዜ ጉዳቱ ተመርምሮ የሚታወቀው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት አይደለም፤ በልጅና በልጅ ልጅ ዘመን ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ አንዲት ታናሽ ተባይና ስለ አንድ ታላቅ ዛፍ፤ ይልቁንም ዛፉ ያከማቸው ሀብት በዘመን ብዛት እንዴት እንደሚለዋወጥ ልንጽፍላችሁ አሰብን። ነገሩ የሆነው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ ትምህርቱ ግን ርስትና ተክል ላለው፤ ለልጆቹም አንዳች ነገር ሊያወርስ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ዛፍ የሚያከማቸው ሀብት ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። በየቤታችን የምናነደውን ከሰል የማያውቅ የለም። እንጨት እንደ ልቡ አየር እንዳያገኝ በአፈር ታፍኖ በተቃጠለ ጊዜ ውሃውና ጢሱ ወጥቶ የሚቀረው ጥቍር ነገር አብዛኛው ሊቃውንት ካርቦን የሚሉት ነው። ይህም ካርቦን ወደ ዛፉ የገባው ከአየር ነው እንጂ ከአፈር አይደለም። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኀይል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ይስባል፤ ካርቦኑን ለግንዱ፤ ለቅርንጫፉና ለሥሩ ያደርገዋል፤ እኛ የምንተነፍሰውንም ኦክስጅን ይለቃል። ከደረቀ እንጨት ክብደት እኩሌታው ያህል ካርቦን ነው። ዛፉ ሲቃጠል ይህ ካርቦን ፈጥኖ፤ ሲበሰብስ ግን እያዘገመ ወደ አየር ይመለሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ እየበዛ በሄደ መጠን ምድር እንደምትሞቅ የተረጋገጠ ስለ ሆነ፤ ዱር ካርቦን ተቈልፎ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ግምጃ ቤትም ከሆነ ገቢ አለው፤ ወጪ አለው፤ ቀሪ አለው። ገቢው ቅጠል የሚስበው ነው፤ ወጪው ዛፍና አፈር የሚተነፍሱት፤ የሞተውም እንጨት ሲበሰብስ የሚለቀው ነው።

የምንናገርለት ዛፍ ሄምሎክ ይባላል። ፈላስፋው ሶቅራጥስ ጠጥቶ የሞተበት መርዝ በዚሁ ስም ቢጠራም፤ ያ ከሌላ ቅጠላ ቅጠል የሚገኝ ስለ ሆነ አንባቢ አንዱን ከሌላው አይቀላቅል። ይህኛው እንደ ጽድ ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነ፤ ከካናዳ ደቡብ ጀምሮ እስከ ጆርጂያ ተራራዎች ድረስ የሚበቅል ዛፍ ነው። አስተዳደጉ ዝግተኛ፤ ዕድሜው ግን ረዥም ነው፤ ከ500 ዓመት በላይ የቈየ ይገኛል። ልጁም በአባቱ ጥላ ሥር ሆኖ ብዙ ዘመን በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ትልቁ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲያገኝ ያን ጊዜ ያድጋል። ጥላው እጅግ የጠለቀ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው ምድርና በአጠገቡ የሚፈስሰው ወንዝ በበጋ ሳይቀር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድደው ትራውት የተባለው ዓሣም በዚያ ይኖራል። የሄምሎክ ቅጠል ወድቆ ቶሎ አይበሰብስምና በመሬቱ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ ይደራረባል፤ በዚህም ምክንያት የግምጃ ቤቱ አንዱ ክፍል ከመሬት በታች ነው። ደግሞም ሌሎቹ ዛፎች ገና ቅጠል ሳያወጡ፤ ብርዱ ለዘብ ባለ ቀን ሁሉ ሄምሎክ ካርቦን መሳቡን ይጀምራል።

ጠላቱ ተባይ ገበሬ ክሽክሽ ከሚለው ወገን ጋር የምትዛመድ፤ ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ነፍሳት ናት። ከጃፓን ደቡብ እንደ መጣች የዘር ምርመራ አረጋግጧል። በምሥራቅ አሜሪካ መጀመሪያ የታወቀችው በ1951 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ አጠገብ ነው። በ1985 ኮኔቲከት ደረሰች፤ በ2017 ደግሞ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ተገኘች። በዚያ አገር ያሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ በአንድ ዓመት ሁለት ትውልድ ይፈለፍላሉ፤ አንዲቱም እስከ 300 እንቍላል ልትጥል ትችላለች። እንቍላላቸውን ነጭ ጥጥ በመሰለ ነገር ስለሚሸፍኑ ከቅርንጫፉ ሥር ሲያዩት ጥጥ የተረጨበት ይመስላል። ክንፍ ሳይኖራት ከዱር ወደ ዱር የምትሻገረው በነፋስ፤ በወፍ እግርና በአውሬ ጠጕር ተይዛ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሩቅ የሚያደርሳት ግን ችግኝና የተቈረጠ እንጨት ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘዋውር ሰው ነው።

ይህች ተባይ በጃፓን ዱር ስትኖር ዛፉን አትገድለውም። በዚያ ያለው ሄምሎክ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከርሷ ጋር ስለ ኖረ መቋቋሙን ለምዷል፤ የሚበሏትም ጥንዚዛዎች አሉ። በምሥራቅ አሜሪካ ግን ዛፉ አያውቃትም፤ የሚያድናትም አውሬ አላገኘችም። ዘበኛ በሌለበት ግምጃ ቤት የገባ ሌባ እንደ ልቡ እንደሚሆን እንዲሁ ሆነች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣና የግምጃ ቤቱን ሒሳብ በየዘመኑ እንመልከት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተባይቱ በቅጠሉ ሥር ተቀምጣ ረዥም አፏን ወደ ቅርንጫፉ ትሰድዳለች፤ ዛፉ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውንም ስንቅ ትመጥጣለች። ዛፉ አዲስ ቡቃያ ማውጣት ይተዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ይረግፋልም። በዚህ ጊዜ ግንዱ ገና ቆሞ ስለሚታይ መንገደኛ ሰው ጉዳት የደረሰ አይመስለውም። ነገር ግን ካርቦን የሚስበው ቅጠል ስለ ሳሳ ገቢው መቀነስ ጀምሯል። ብዙዎቹ ዛፎች ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹም እየመነመኑ ከዚያ በላይ ይቈያሉ።

ሁለተኛው ዘመን ዛፉ ሞቶ የቆመበት ነው። ካርቦኑ ገና ከግንዱ አልወጣም፤ ነገር ግን ከሕያው መዝገብ ወደ ሙት መዝገብ ተዛውሯል። ጥቃቅኑ ቅርንጫፍ አስቀድሞ ይወድቃል፤ ከዚያም ግንዱ ይሰበራል። ጥላው ስለ ጠፋ ፀሐይ እስከ መሬቱ ትደርሳለች፤ ምድሪቱ ትሞቃለች፤ እንጨት የሚያበሰብሱት የእንጕዳይ ወገኖችና በዓይን የማይታዩት ሕያዋን ሥራቸውን ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ገቢው ጥቂት፤ ወጪው ብዙ ነው። ቀድሞ ከአየር ካርቦን ይቀበል የነበረው ዱር አሁን ለአየር የሚሰጥ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዘመን የምትክ ዘመን ነው። ሄምሎክ ከተቈረጠ ጉቶ አያቈጠቍጥም፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቈይም፤ ስለዚህ ተባይዋ ባለችበት አገር የራሱ ልጅ አይተካውም። በኒው ኢንግላንድ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የሚይዘው ጥቍር በርች የተባለው ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ነው። ቀላል ዘሩ በነፋስ ይመጣል፤ ብርሃን ባገኘበት ሁሉ ተጣብቦ ይበቅላል፤ ከሄምሎክም ፈጥኖ ያድጋል። ገቢው እንደገና ከፍ ይላል። የሞተው ሄምሎክ ግን ገና ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እየበሰበሰ ይሰጣልና፤ በአንድ ወገን አዲስ ሀብት ሲገባ በሌላው ወገን አሮጌው ሲወጣ ይኖራል።

አራተኛው ዘመን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ የሒሳቡም መደምደሚያ የሚታየው በዚያ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1907 በማሳቹሴትስ ግዛት በፒተርሻም ያቋቋመው የምርምር ደን አለ። በዚያ ሊቃውንት ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ከፍ ያለ ግንብ በብረት ሠርተው፤ ወደ ዱር የሚገባውንና ከዱር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1990 ገደማ ጀምሮ ይለካሉ። በ2005 ደግሞ ሄምሎክ ሲሞት የሚሆነውን ለማወቅ በአንዳንዱ ቦታ ዛፉን ቈረጡት፤ በአንዳንዱም ቦታ ልጡን ዙሪያውን ልጠው ቆሞ እንዲሞት አደረጉት። በዚያው አገር ስለ ሄምሎክና ስለ ጥቍር በርች ደኖች ተጠንቶ በ2013 የታተመ ጽሑፍ አለ። ነገሩም የሕያው እንጨት፤ የሞተው እንጨትና የአፈሩ ካርቦን ሁሉ በአንድነት ቢደመር ድምሩ ብዙ እንዳልተለወጠ፤ የተለወጠው ግን በየክፍሉ ያለው ድርሻ እንደ ሆነ ያስረዳል። ስለ ምሥራቅ አሜሪካ ደኖች በ2010 የወጣው የሒሳብ ግምትም እንዲሁ በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት ዱሩ የሚስበው ካርቦን እንደሚቀንስ፤ ኋላ ግን ፈጥነው የሚያድጉት ዛፎች ሲተኩ ገቢው እንደሚያገግም ያመለክታል።

ይህን የሚሰማ ሰው «እንግዲያውስ ድምሩ ከተካከለ ምን ጠፋ፤ ምንስ ያሳዝናል» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በመዝገብ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የመጨረሻው ድምር ልክ ስለ ሆነ ብቻ ሒሳቡ ደኅና ነው አይባልም። መቼ እንደ ገባ፤ መቼ እንደ ወጣ፤ በማን እጅ እንዳለም መጠየቅ ይገባል።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው እናስብ። የአባቱ ሀብት በሕፃንነቱ ተበትኖ በሸመገለ ጊዜ የተመለሰለት ልጅ ምንም አልጐደለበትም ይባላልን? በድምሩ ምንም አልጐደለበትም፤ የተራበው ግን በመካከሉ ነው። ምድር እየሞቀች ያለችው አሁን ነውና ዱር ካርቦን ሊይዝልን የሚያስፈልገን አሁን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚሞላው ግምጃ ቤት ዛሬ ባዶ ለሆነበት ሰው መልስ አይሆነውም። የጉዳቱም ስፋት ታናሽ አይደለም። በ2019 የታተመ ጥናት በአሜሪካ 92,978 የደን መለኪያ ቦታዎችን መርምሮ፤ ከውጭ ከገቡት ተባዮችና የዛፍ በሽታዎች መካከል 15ቱ እጅግ ጐጂዎች ብቻ በያመቱ 5.53 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ከሕያው ዛፍ ወደ ሙት እንጨት እንደሚያዛውሩ አስታውቋል። ከአሜሪካ አህጉራዊ ግዛቶች ሕያው የዛፍ ሀብትም 41.1 በመቶው ወደፊት በነዚህ ሊጠቃ የሚችል መሆኑን ገልጿል።

ሁለተኛው የሀብቱ ዓይነት ነው። በሕያው ግንድ ያለ ካርቦን በታማኝ ዘበኛ እጅ እንዳለ ገንዘብ ነው፤ ዛፉ በየዓመቱ ይጨምርበታል እንጂ አያጐድለውም። በሞተ ግንድ ያለው ግን ቀኑ ሲደርስ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ሁለቱም በመዝገብ በአንድ ቍጥር ቢጻፉ ዋጋቸው አንድ አይደለም። የበርች ቅጠልም ከሄምሎክ ቅጠል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበሰብስ በመሬቱ ላይ የነበረው ወፍራም ምንጣፍ እየሳሳ ይሄዳል። ወንዙን ያቀዘቅዝ የነበረው ጥላም በክረምት ቅጠሉን በሚያራግፍ ዛፍ አይተካም፤ በካርቦንም መዝገብ ከቶ አይጻፍም።

ሦስተኛው ምትኩ ራሱ በደኅና የሚኖር መሆኑን የሚዋስ አለመኖሩ ነው። ከላይ የተነገረው ሒሳብ የሚተካከለው ተተኪው ዛፍ መቶ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ካደገ ነው። የዚያ አገር ታሪክ ግን ይህን ተስፋ አያጸናም። በ1904 በኒው ዮርክ የታወቀው ከእስያ የመጣ የሻጋታ በሽታ ቼስትነት የተባለውን ታላቅ ዛፍ በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ከዱሩ አጠፋው። በ1868 ወይም በ1869 ኤትየን ሌዎፖልድ ትሩቬሎ የተባለ ሰው የሐር ትል ሥራ ሲሞክር ከኤውሮጳ ያመጣቸው የእሳት ራት ወገኖች በማሳቹሴትስ በሜድፎርድ ከቤቱ አመለጡ፤ ዘራቸውም እስከ ዛሬ የኦክን ዛፍ ቅጠል ይጨርሳል። በ2002 ደግሞ በሚሺጋን አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘች፤ እርሷም አሽ የተባለውን ዛፍ በብዙ ሚሊዮን ገደለች። አንዱ ግምጃ ቤት ገና ሳይሞላ ሌላው ከተዘረፈ መካካሱ የሚሆነው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ብልህ ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ባለ ርስቶች ተባይቱ መቅረቧን ሲሰሙ «ሳይሞት በፊት ቈርጠን እንሽጠው» ብለው መጥረቢያ አንሥተዋል። በ2006 ፎስተርና ኦርዊግ የተባሉት የሃርቫርድ ደን ሊቃውንት ይህን ነገር መርምረው፤ አስቀድሞ መቍረጥ ብዙ ጊዜ ተባይቱ ከምታደርገው የበለጠ ጉዳት በደኑ ላይ እንደሚያመጣ፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም ሳያደርጉ መተው የተሻለ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ምክንያቱም ቆሞ የሞተ ዛፍ ካርቦኑን በዝግታ ይለቃል፤ ከበታቹም ምትኩ ቀስ በቀስ ይበቅላል፤ ተቈርጦ ለማገዶ ወይም ለወረቀት የዋለው ግን ቶሎ ወደ አየር ይመለሳል፤ አፈሩም በጋሪና በመኪና ይታወካል። ደግሞ ሁሉን በቈረጠ ጊዜ፤ ምናልባት ተባይቱን ሊቋቋም የሚችል ዛፍ በመካከሉ ቢኖር እርሱም አብሮ ይጠፋል። ሊወድቅ ደርሶ በመንገድና በቤት ላይ የሚያስፈራውን ዛፍ መቍረጥ ግን የተገባ ነው።

መድኃኒትም አልታጣም። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው የተባይ መድኃኒት በዛፉ ሥር ወይም በግንዱ ሲሰጥ ለጥቂት ዓመታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ዛፍ በዛፍ የሚሰጥ ስለ ሆነ ለአጸድና ለተመረጡ ቦታዎች እንጂ ለሰፊ ዱር ሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ ተባይቱን የሚበሉ ጥንዚዛዎች አስቀድመው በሚገባ ከተመረመሩ በኋላ፤ ከጃፓን የመጡት ከ1995፤ ከአሜሪካ ምዕራብ የመጡትም ከ2003 ጀምሮ በዱር ተለቀዋል። ብርቱ ብርድም ብዙዎቹን ተባዮች ይገድላል፤ ክረምቱ እየለዘበ በሄደ መጠን ግን ይህ ረዳት እየደከመ፤ ተባይቱም ወደ ሰሜን እየገፋች ሄዳለች። እነሆ፤ የካርቦን መብዛት ምድርን ያሞቃል፤ ሙቀቱ ተባይቱን ይረዳል፤ ተባይቱም ካርቦን የሚይዘውን ዛፍ ትገድላለች፤ አንዱ ክፉ ሌላውን ይጠራል።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የሆነ ነው ብሎ ችላ ማለት አይገባም። በአገራችን በየአጸዱና በየኮረብታው የተተከለው የፈረንጅ ጽድ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ የዚህም ዛፍ ጠላት የሆነ የክሽክሽ ዓይነት በ1986 በማላዊ ታይቶ፤ በ1990 ኬንያ ደርሶ፤ ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ስለዚህ ርስትና አጸድ ላላችሁ ሁሉ ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ከሩቅ የመጣ ችግኝ የቅጠሉ ሥርና የሥሩ አፈር ሳይመረመር ወደ ግቢ አይግባ፤ ከገባም ጥቂት ሳምንት ለብቻው ይቈይ። ከታመመ ዱር የተቈረጠ እንጨት ወደ ጤነኛው አይጓዝ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትትከሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ግምጃ ቤቱን እንዲጠብቅ አቀላቅሉ። እንግዳ ተባይ ባያችሁ ጊዜ ለግብርና ባለሙያ ፈጥናችሁ አስታውቁ እንጂ ወዲያው መጥረቢያ አታንሡ።

ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የዛፍ መዝገብ ቢኖረው መልካም ነው። ዛፉ መቼ እንደ ተተከለ፤ ዙሪያው በየዓመቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ምን በሽታ እንዳገኘውና ምን እንደ ተደረገለት በአንድ ደብተር ይጻፍ። መለኪያውን ገመድ ልጆች ይያዙ፤ ቍጥሩንም ራሳቸው ይጻፉ። አባት የጀመረውን ልጅ፤ ልጅ የጀመረውን የልጅ ልጅ ይቀጥለዋል፤ በጐተራው ነቀዝ የገባ እንደ ሆነም ፍሬው ባዶ ሳይሆን በጊዜው ይታወቃል።